ጾም ያወፈራት ልጅ

ቢቸና፣ ሚያዝያ 2008 ዓ.ም.

ውድ አባቴ ቄስ ወልደ ኪዳን፣

ጉልበትዎን ስሜ እጽፋለሁ። አጎቴን ለማስታመም ሞጣ ከሄዱ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነችው የጎረቤታችን የማናለሽ ልጅ አርሴማ ናት፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ፊትዎ ቆሜ ልናገረው ስለማልችል ይኸው በወረቀት።

በጾሙ መጀመሪያ ሰልፍ ላይ ወድቄ እንደነበር ያውቃሉ። ያላወቁት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። መምህር አስናቀው ሚዛን ላይ አቁመውኝ፣ «ይህ የዶሮ ክብደት ነው። ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ገንፎ ለምን አትበይም?» አሉኝ።

«በአራት ሰዓት ነው የሚታደለው፤ እኔ እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ። ቤት ወስጄ በዘጠኝ ልብላው?»

«አይወሰድም። ልጁ እዚሁ ሲበላው ካልታየ አይሰጥም፤ ደንቡ ነው።»

ገንፎውን የሚያገነፉት እትዬ ዘሪቱ ሳቁ። «ዱቄትና ዘይት ነው፤ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። የቄስ ልጅ፣ እግዜር ሰዓት አሥሮ አይዞርም።»

በላሁ። የመጀመሪያ ቀን ጀርባዬን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቼ ነበር። በማግሥቱ መዞሩንም ረሳሁት። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ከእርስዎ ጋር ማዕድ ቀርቤ እንደ ጿሚ እበላ ነበር። እርስዎም ያዩኝና ደስ ይልዎ ነበር።

ደብረ ዘይት ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሲያስተምሩ ስሜን ጠሩ። «ዝናብ በቀረበት በዚህ ክፉ ዓመት ልጄ የትናየት እስከ ዘጠኝ ትጾማለች። ጉንጯን እዩ። ጾም ያከሳል ያላችሁ ማን ነው?» አሉ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብሁት። ሴቶቹ ትሕትና መሰላቸው።

ስንወጣ ማናለሽ ጉንጬን ቆንጥጣ፣ «የኔዋም ሰባት ዓመት ሞላት። ከነገ ጀምሮ እንዳንቺ ትጾማለች» አለችኝ። እንደምበላ ሳልነግራት ተሰናበትኋት።

አርሴማ ገንፎው ሲታደል ሳትበላ ከትምህርት ቤታችን ቧንቧ አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ቀን እኔ ስበላ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አንቺ ለምን ትበያለሽ?»

«ስለታመምሁ ነው» አልኋት።

ትንሽ አሰበችና፣ «እኔስ መቼ ነው የምታመመው?» አለችኝ።

ለማንም አልተናገረችብኝም። ባለፈው ሳምንት ሁላችንም ስንመዘን ግን ክብደቷ በገና ከተመዘነችው ወርዶ ተገኘ። አሁን አቀበት መውጣት አቅቷታል። ማናለሽ «የቄሱ ልጅ ጾማ ስትወፍር የኔዋ የምትከሳው በእኔ ኃጢአት ነው» እያለች በየማለዳው አዝላ ጸበል ትወስዳታለች። ልነግራት ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ጨው ለመንኋትና ተመለስሁ። ጨው ቤታችን ሞልቷል።

ትናንት ከሳህኔ ላካፍላት ብል አርሴማ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። «እኔ አልታመምሁም» አለች።

እህል ነጋዴው ወልደ ሰንበት ደግሞ «አባትሽ ሞጣም ስላንቺ ሲያስተምሩ ሰማሁ» አለኝ። አባቴ፣ እዚያስ ስንት አርሴማ ይኖር ይሆን?

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ እርሱ ነው። ሲመለስ የእርስዎን ቃል ለማናለሽ ይዞላት ይምጣ። የነፍስ አባቷ ስለሆኑ «ልጅሽ ትብላ» ካሏት ትሰማለች። እንዲያ ብቻ ካሉ ግን ልጄ ከቄሱ ልጅ አነሰች ብላ ታዝናለች። እኔ ስበላ መክረሜንም ይንገሯት።

ንስሐ ይስጡኝ፤ እቀበላለሁ። ገንፎውን ስበላ ያን ያህል አላፈርሁም ነበር። ሴቶቹ ጉንጬን እያዩ ሲመርቁኝ ነው መሬት ብትውጠኝ ያልሁት።

ለሆሳዕና ሲመጡ እንደ ደብረ ዘይቱ ስሜን ጠርተው ይናገሩ። ከሴቶቹ ሁሉ ፊት እቆማለሁ። ነጠላዬን አልስብም።

ልጅዎ የትናየት፣
እርስዎ ባወጡልኝ የክርስትና ስም ወለተ ሐና