ወጣ ብላ ነው

ቦንጋ፣ ማክሰኞ ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ እናቴ ለምሳሳሎት ለእትዬ በላይነሽ፣ አዲስ አበባ

እትዬ እንዴት ነዎት፣ የእግርዎ እብጠት ጎደለ ወይ፣ እህል ይቀምሳሉ ወይ፣ እኔ ደህና ነኝ ጋሼም ደህና ናቸው ቤቱም ደህና ነው፣ ደህና ነው ስል ጣራው አልወደቀም ማለቴ ነው እንጂ እትዬ ደህና አይደለንም። ይሄን ደብዳቤ ጋሼ አያውቁም። በስልክ እንዳልነግሮት ስልኩ ሁሌ እሳቸው ኪስ ነው፣ ሲያገናኙንም አጠገቤ ቆመው ስለ ሥራ እንዳታወሪ ይሉኛል፣ እኔም ሥራ ጥሩ ነው እትዬ እላለሁ፣ እሁድም ያልኩት እሱን ነው፣ ውሸት ነበር ይቅር ይበሉኝ። ሚፍታህ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ነገ መርካቶ ይሄዳል፣ በሱ እጅ ነው የምልከው። ጽሑፌን ይቻሉት፣ አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ጽሑፍ ነው።

እውቅናውን ነጠቁን እትዬ። ያንን በእርሶ ስም የተሰጠንን ወረቀት፣ ኮሌጁ ልጆች እየላከ እኛ ጋ ስፌት እንዲሰለጥኑ ያስቻለንን፣ ጋሼ በመስታወት አድርገው ከበሩ በላይ የሰቀሉትን። ዓርብ ዕለት ተሰርዛችኋል የሚል ደብዳቤ መጣ፣ ጋሼ ወንበር ላይ ወጥተው በገዛ እጃቸው አወረዱት። አሁን ግድግዳው ላይ ቦታው ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ከመጀመሪያው ልንገሮት።

እርሶ በሐምሌ ከሄዱ ጀምሮ ጋሼ አንድ ነገር አመጡ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ሁሉ ባለቤትዎ በላይነሽስ ሲላቸው ‹‹ወጣ ብላ ነው›› ይላሉ። ጠዋት ጠዋት የእርሶን የስፌት መኪና ጨርቁን ገልጠው፣ ዘይት ጠብ አርገው፣ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ያረጉታል፣ ሰው አሁን ከላዩ የተነሳ እንዲመስል። ማንም አይቀመጥበትም። መጀመሪያ ሳቅን፣ ያቺ አፏ የማያርፈው ሰልጣኝ አብርሆት እንኳን፣ ‹‹ጋሼ፣ እትዬ የት ድረስ ነው የወጡት፣ አዲስ አበባን በእግራቸው ጀመሩት እንዴ›› ብላቸው ነበር። እሳቸው ቀና ብለው አዩዋትና ወደ መቀሳቸው ተመለሱ። ከዛ ወዲህ ማንም አልሳቀም፣ እኛም ማለት ጀመርን። ወጣ ብለው ነው። ለመድነው።

ፊርማውን ደሞ ያስተማሩኝ እርሶ ኖት። ጣትዎ አብጦ እስክሪብቶ አልይዝ ሲልዎ ‹‹ነይ በእምነት፣ እቺን በኔ ፋንታ አድርጊልኝ›› ብለው፣ ያቺን መጨረሻዋ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ከበብ የምትለዋን። ስለዚህ እርሶ ከሄዱም በኋላ የልጆቹ መከታተያ መዝገብ ላይ፣ አሰልጣኝ በሚለው ቦታ፣ በየቀኑ ፈረምኩ። ተንኮል አልነበረበትም እትዬ። ልጆቹን ኮሌታ አገለባበጥ፣ የቁልፍ ቤት አሠራር ሳሳያቸው በእርሶ ቃል ነው የማሳያቸው፣ ጨርቁን አትጎትቺው ራሱ ይሄዳል እያልኩ፣ እና ያሰለጠኑት እርሶ ነው የሚመስለኝ። ባዶ ልተወው ብዬም ሞክሬ ነበር፣ አንድ ቀን፣ ነሐሴ ውስጥ። ባዶውን ሳየው ፈራሁ፣ ከቤቱ በገዛ እጄ የማስወጣዎት መሰለኝና ተመልሼ ፈረምኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ከዞን ሁለት ሰዎች መጡ፣ አቶ ጣሰው የሚባሉ መነጽር ያረጉ ትልቅ ሰውና ፋይል የያዘ ወጣት። ክፍሉን ለኩ፣ መኪናዎቹን ቆጠሩ፣ ሁሉም ደህና ነው አሉ፣ አሰልጣኟን አነጋግረን እንሄዳለን አሉ። ጋሼም ወጣ ብላ ነው አሉ።

እንጠብቃታለን ብለው ተቀመጡ።

እትዬ፣ ተቀመጡ። ሦስት ሰዓት ነው የመጡት፣ አምስት ሰዓት ሆነ። አቶ ጣሰው ገበያ ሄዳ ነው እንዴ ይላሉ፣ ጋሼ ቅርብ ናት ይላሉ፣ ሻይ ያስመጡላቸዋል፣ ደግመው ያስመጡላቸዋል። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ፣ አብርሆት አንዱን እጅጌ ሁለቴ ገልብጣ ሰፋችው። በሩ ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን፣ ጋሼም ቀና ይላሉ፣ እውነት የሚመጡ ይመስል፣ እኔ ራሴ አንዴ ሳላስበው ቀና ብዬ በሩን አየሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን አቶ ጣሰው ወገባቸውን ይዘው ተነሱና የእርሶ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ጋሼ ከወዲያ ብድግ ብለው ‹‹እዛ አይቀመጡ፣ ስትመጣ መቀመጫ ታጣለች›› አሉ። መጥተው ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙት። እኔ እሱን ማየት አልቻልኩም።

‹‹ጌታዬ አይጠብቁ›› አልኩ፣ ‹‹እትዬ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ አራት ወር ሆናቸው።››

 አቶ ጣሰው መዝገቡን ከፈቱ፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ሲያወርዱ ቆይተው የዕለቱ ላይ ቆሙ።

‹‹ይሄ የዛሬ ጠዋት ፊርማ የማን ነው?››

‹‹የኔ ነው።››

መነጽራቸውን አወለቁ። ‹‹ልጄ፣ ይሄ የሚያስከስስ ነገር መሆኑን ታውቂያለሽ?›› አሉኝ፣ ሳይቆጡ፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር።

ይኸው ተሰረዝን። የልጆቹ አራት ወር አይቆጠርም ተባለ፣ ምዘናው ደሞ ጥር ላይ ነው፣ እውቅና ያለው ሌላ ስፌት ቤት ሩቅ ዋጫ ከተማ ነው፣ ከልጆቹ ዋጫ ቤት ተከራይታ የምትማር የለችም። አብርሆትን ቅዳሜ መንገድ ላይ አገኘኋት፣ ትሰድበኛለች ስል ሰላም ብላኝ ብቻ አለፈች። እኔ ባጃጅ በራችን ላይ በቆመ ቁጥር ፖሊስ ነው እያልኩ እሞታለሁ። ገጠር፣ ማንኪራ፣ እናቴ ጋ ልሽሽ ብዬ ሁለቴ ልብሴን ሰብስቤ ነበር፣ አሁን ቡና ለቀማ ነው ሰው ማንንም አይጠይቅም፣ ግን ጋሼን ብቻቸውን ማን ላይ ልጣላቸው። አልተቆጡኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ መቀሱን እየሳሉ፣ ‹‹ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ ይሄዱ ነበር እኮ›› አሉኝ። ከዛ ወዲያ ስሜን አልጠሩም፣ ውሃ ሲፈልጉም ራሳቸው ይቀዳሉ።

ትናንት ቆርጬ አቶ ጣሰው ቢሮ ሄድኩ። እሰሩኝ ልላቸው ነበር የሄድኩት። አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ፣ ይግባኝ በአስራ አምስት ቀን ውስጥ ይቻላል፣ እውቅናው በአሰልጣኟ ስም ስለሆነ አሰልጣኟ ራሷ ከሐምሌ ጀምሮ ሥራውን መልቀቋን ጽፋ በእጇ ፈርማ ከላከች፣ ቤቱ ደሞ ምዘና ያለፈ ሌላ አሰልጣኝ ካቀረበ፣ ወደ ዝርዝሩ ሊመልሱን ይችላሉ፣ ልጆቹንም ኮሌጁ ፈትኖ ወራቸውን ሊያይላቸው ይችላል። እርሶ ያሰለጠኗት ጽጌ እኔ አለሁ ብላለች። ስለኔ ደሞ፣ ‹በፈቃዴ ነው የፈረመችው› የምትል አንድ የእርሶ መስመር ካለች እኔም የምናገረው አገኛለሁ አሉኝ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ‹‹ሚስቴን ከገዛ ቤቷ አላሰናብትም›› አሉና ተነስተው መኪናውን ዘይት ቀቡ፣ ጠዋት ቀብተውት ነበር።

እትዬ፣ አጠገብዎ ሆና የምታስታምሞት ቀጸላ ሐሙስ ዕለት ከሆስፒታሉ ደውላ ለጋሼ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። ስልኩን ይዘው ጓሮ ወጡ፣ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ የእርሶን ጥቁር ጫማ ከሳጥን አውጥተው ቀለም ቀብተው በሩ ሥር አኖሩት። እኔም አልጠየቅኳቸውም። እርሶንም አልጠይቆትም።

ወረቀቱ እዚህ ውስጥ አለ፣ ከቢሮው አስተይበው የሰጡኝ ነው። የለቀቁበት ምክንያት የሚል አለው፣ ከሥሩ ሦስት ቃል ተጽፏል፣ በፈቃድ በሚለው ላይ ምልክት ታርግ ብለዋል። ሌሎቹን ሁለቱን አይዩአቸው። እስከ ኅዳር 23 ካልደረሰ አበቃ።

አንድ ነገር ልንገሮትና ልጨርስ። ትናንት ማታ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ፊርማዎን አውቀዋለሁ፣ አቶ ጣሰውም አይለዩትም፣ ሚፍታህንም ባላስቸገርኩ፣ እርሶም ምንም ባልሰሙ ነበር። እርሶ አሉ ብዬ አራት ወር ሙሉ ሳልፈራ የፈረምኩበት እጅ ይሄን እንቢ አለኝ። እትዬ፣ እኔ አልፈርምም። እርሶ ከፈለጉ ይፈርሙ፣ ካልፈለጉ ይቅር፣ ስፌት ቤቱም ይቅር፣ እኔም የመጣው ይምጣብኝ። እጅዎ እንቢ ካለም ባዶውን ይላኩልኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይጽፍልኝ፣ ባዶውን ካየሁ ይገባኛል። ለጋሼም አላሳያቸውም።

የእርሶ ማርያምና የኔ ጸሎት ቤት አይጣሉም ይሉኝ ነበር፣ እንግዲህ ሁለቱም ራስጌዎ ላይ ይቁሙ። ሕመሙን ያቅልልዎት፣ ያሳደገኝን እጅ እግዚአብሔር ይዳስስልኝ። እግርዎን እስማለሁ።

ልጅዎ
በእምነት

የራሴን ፊርማ ገና አላወጣሁም፣ ስሜን ብቻ ጻፍኩ።