የቅዳሜ ዱቄት

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽኝ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሊጋመስ ነው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፌን ብታዪ “አንተ ቂል” ትዪኝ ነበር። ግን የኔታ ዘንድ ፊደል እንድቆጥር ስትሰጂኝ “አንድ ቀን ለኔም ትጽፍልኛለህ” ብለሽ አልነበር? ይኸው ጻፍኩልሽ።

ዲላ እንደተውሻት ናት። ጣልያኖቹ አልሄዱም። ጭቃው ሲደርቅ ካሚዮኖቻቸው ቡና ጭነው ይወጣሉ፤ እኔም ጆንያ እሸከማለሁ። አባቴ ከዘመተበት አልተመለሰም፤ አየሁት የሚል ሰውም አልመጣም። የቤታችን ጣራ በምድጃው በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። መደብሽ ላይ አልተኛም፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ገባርነት ቀርቷል ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ከጪጩ ገባሮቻችን ይመጣልን የነበረው እህል መቅረቱን ታስታውሺያለሽ። የነሱ ላብ ነውና አልፈርድባቸውም። አንቺም አልፈረድሽም። እኛ ሰፈር ግን ልጆቻቸው ከጦርነት ያልተመለሱላቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በየጎጆአቸው በር ዘግተው ተቀመጡ። ማን በላ፣ ማን አልበላ፣ የሚጠይቅ አልነበረም። ራብ ነውር ነበር።

አንቺም ራበኝ አላልሽኝም። ጾም ነው አልሽኝ። ሁዳዴን አመንኩሽ። ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ስእለት አለብኝ አልሽ። በበዓለ ሃምሳ ማን ይጾማል? ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ ግን ከሸክም መጥቼ ቂጣውን ሳገኝ አፌ ይቀድማል። አንድ ቀን ቀድሜ ስመጣ ወገብሽን በመቀነት ጥርቅም አድርገሽ አስረሽ ደጃፍ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። እግርሽ አብጦ ነበር። በጣቴ ስጫነው የሰረጎደው ቦታ ቶሎ አልመለስ አለ።

በዚያው ሰሞን ገበያ ላይ ጥሩምባ ተነፍቶ፣ ጧሪ የሌለው ሽማግሌና ባልቴት ቅዳሜ ቅዳሜ ዱቄት ይሰፈርለታል ተባለ። ስልቻ ይዤ ሮጥኩ። የጣልያኖቹ አስተርጓሚ “ባልቴቷ ራሷ ትምጣ” አለኝ።

“እግሯ አብጧል፤ መራመድ አትችልም” አልኩት።

“መራመድ ካልቻለች ዱቄቱ ምን ያደርግላታል?” አለና ከኋላዬ የቆመውን ሰው ጠራ።

በሳምንቱ አዝዬሽ ወረድኩ። ሰው እንዳያውቅሽ ነጠላሽን እስከ ዓይንሽ ሳብሽው። እማዬ፣ ቀልለሽ ነበር። ከአንድ ጆንያ ቡና ታንሺ ነበር፤ ይህን ያን ቀን አልነገርኩሽም። ሰልፉ ውስጥ በበትር የተደገፈ፣ ግድግዳ ይዞ የቆመ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ነበር። እንደ ወታደሮቹ ለሰላምታ ቀኝ እጅ አንሡ ሲባል ሁሉም አነሣ። አንቺም አነሣሽ። በነጠላሽ ጫፍ ፉርኖ ዱቄት ተሰፈረልሽ፤ ነቀዝ ገብቶበት ነበር።

ስንመለስ እማሆይ በላይነሽ ደጃፍ አውርደኝ አልሽ። ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጎረቤት ገበያ ያደርሳቸው ዘንድ መለመን አልወደዱም። የዱቄቱን እኩሌታ እዚያ ገለበጥሽው። ተናደድኩ። “እኛስ?” ስልሽ “እሳቸው የሚያዝላቸው ልጅ የላቸውም” አልሽኝ። መልሼ አዘልኩሽ።

ዝናቡ ሲጠና ዱቄቱን የሚያመጣው ካሚዮን ጭቃ ላይ ቀረ። ይመጣል ተብሎ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እስኪመሽ ዝናብ ላይ ተቀመጡ። እንሂድ ስልሽ ትንሽ እንታገሥ አልሽ። በማግስቱ ብርዱ ጎንሽን ያዘሽ፤ ከመደብሽም አልተነሣሽም።

ሎኮ የመጣችው ያኔ ነው። የገባር ባሏን እህል በጀርባዋ እያመጣች ደጃችን ላይ ታወርድ የነበረችው፣ የጪጩዋ ሎኮ። እንዴት እንደሰማች አላውቅም። ትኩስ ቆጮና የተቀቀለ ጎመን በኮባ ጠቅልላ ገባች። ቆጮን እህል ነው ብለሽ አታውቂም ነበር። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ፣ “ሎኮ፣ እኔ ላንቺ ምን አድርጌልሽ አውቃለሁ?” አልሻት።

“ምንም” አለችሽ። “ራበህ። ብላ።”

ወንድና ሴት የማይለይ አማርኛዋ ሌላ ጊዜ ያስቅሽ ነበር፤ ያን ቀን አልሳቅሽም። እየቆረሰች አጎረሰችሽ። ጥቂት ጎረስሽ፣ እጇንም ሳምሽው። ግን ሆድሽ ከእህል ተለያይቶ ከርሞ አልቀበል አለ። ሎኮ እየተመላለሰች ሳለ ሐምሌ ከመውጣቱ በፊት አረፍሽ።

ቀብርሽ ላይ ሰዉ ሁሉ “እግሯን አሟት” አለ። “ብርድ ነው” ያለም ነበር። ለተዝካርሽ የሚጠመቅም የሚጋገርም አልነበረም፤ ሎኮ ባመጣችው ቆጮ ቄሱ ጸሎት አደረጉ። እዚያ አንድ ሰው “ለመሆኑ ምን ነበር ሕመሟ?” ብሎ ጠየቀኝ። “በራብ ነው የሞተችው” አልኩ። እንዳዋረድኩሽ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ የምለው እውነት አልነበረኝም። ከዚያ እኚያ ኩሩ ባላምባራስ፣ ጎረቤታችን፣ አንገታቸውን ደፍተው “እኔም ቤት እሳት ከነደደ ሰነበተ” አሉ። እሳቸውን ተከትለው አንዲት ባልቴትም ራባቸውን ተናገሩ።

ከዚያ ወዲህ እኔና ጆንያ ተሸካሚ ጓደኞቼ ቅዳሜ ጧት መራመድ የማይችሉትን እያዘልን እናወርዳለን። ዱቄቱ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። በሌለ ቀን ሎኮና ጎረቤቶቿ የፋቁትን ቆጮ ይዘው ይመጣሉ። አይበቃም፣ እማዬ። እማሆይ በላይነሽ ባለፈው ወር ዐርፈዋል። ባላምባራስም እግራቸው ማበጥ ጀምሯል። ጌሾሽን ነቅዬ ሎኮ የሰጠችኝን የእንሰት ችግኝ ተክያለሁ፤ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ እነዚህ ሽማግሌዎች የሚደርሱበት አይመስለኝም።

አንቺን በሆነው ባልሆነው አስታውስሻለሁ። ልጅ ብወልድ ስምሽን እነግረዋለሁ፤ ደግነትሽንም፣ ቀልድሽንም። አያቴ በምን ሞተች ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ብርድ ነው አልለውም። እንዳትቆጪኝ።

ልጅሽ