ስለ ጠራው የወይራ ውኃ እና ስለ ባዶው ባልዲ

ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር የውኃ አካላት ደኅንነት ክትትል ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ከርመዋል? የእርስዎም የቤተሰብዎም ጤና እንዲጠበቅ፣ በየማለዳው ጠረጴዛዎ ላይ የሚቀመጠው የታሸገ ውኃም እንዳይጓደልብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፍሥሐ ወልደአረጋይ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን የምኖረው ከከተማው በታች በወይራ ውኃ ወንዝ ዳር፣ አባቴ በቅስና ባገለገሉበት አጥቢያ ነው። ካስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ለአንዱ መልስ ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ በቀሩት ሁለቱ እንዳይቸገሩ በማሰብ ይህንን በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ውኃው መጥራት አመሰግናለሁ። ድሮ በበጋ ድንጋዩ አረንጓዴ አውጥቶ ስለሚያሟልጭ ወንዙን ስንሻገር እንወድቅ ነበር። ከላይ የመስታወት ማለስለሻው ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ውኃው እንደተወለወለ ብርጭቆ ሆኗል። ሕዝቡም ከወንዙ የሚቀዳው ጠበል ኃይል አገኘ ብሎ ከጫጫና ከደነባ ሳይቀር ጄሪካን ይዞ በሚኒባስ መምጣት ጀመረ። ይህን ስሕተት ከማንም በፊት የሠራሁት እኔ ነኝ። በኅዳር ሚካኤል ቅዳሴ ሲያበቃ፣ ውኃው እንዲህ ሲጠራ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም ብዬ ለምእመናኑ ተናገርኩ፤ የተማረ ሰው ነው ብለው አመኑኝ። ባለቤቴ ደብሪቱ ኩላሊቷን ስለሚያማት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው አንድ ጣሳ እየቀዳሁ ሳጠጣት ቆየሁ።

፪ኛ. ስለ ባልዲው። በአጥቢያችን በታኅሣሥ ከወንዙ የሚሞላው የባሕረ ጥምቀቱ ገንዳ ሲጠረግ፣ ውስጡ ያሉትን ትንንሽ ዓሦችና የእንቁራሪት ልጆች በባልዲ እያወጡ ወደ ላይኛው ኩሬ መውሰድ የቆየ ልማድ ነው። አባቴ፣ ታቦት ሲወርድ ሕዝብ እንዳይረግጣቸው፣ እነሱም በዓሉን በሰላም ይዋሉ ይሉ ነበር። ከእሳቸው ወዲህ ሥራው የእኔ ነው፤ በሌላው ዓመት ሰባት ስምንት ጊዜ እመላለሳለሁ። ዘንድሮ ሁለት ቀን ሙሉ ገንዳውን ስፈልግ ውዬ ባልዲው ባዶውን ቤት ገባ። በላይኛው ኩሬም ድንጋይ እየገለበጥኩ ባይ አንዲት ትል አላገኘሁም። ገንዳው ዳር ተቀምጬ ምንም አልተሰማኝም። ይህንንም ለቅሬታ ሳይሆን እንዲያው ለመረጃ ያህል ነው የጠቀስኩት።

፫ኛ. የቀድሞ ተማሪዬ ኤርሚያስ ዛሬ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነው፤ ውኃውንና ደለሉን ወስዶ አስመረመረልኝ። መስታወቱ በሚለሰልስበት ዱቄት ውስጥ ሴሪየምና ላንታነም የሚባሉ ብርቅ የመሬት ንጥረ ነገሮች አሉ አለኝ። እጣቢው ወንዝ ሲገባ እነዚህ ፎስፈረሱን ይዘው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ፎስፈረስ ያጣው አልጌ ይሞታል፣ አልጌውን የሚበሉት ነፍሳት ይከተሉታል፣ የተረፈው ንጥረ ነገር ደግሞ በዓሦቹ መተንፈሻ ላይ ይከማቻል። ውኃው የጠራው የሚኖርበት ስለጠፋ ነው። ሰው ላይስ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅሁት፤ አላውቅም አለኝ። አላውቅም የሚል ሰው ካየሁ ቆይቻለሁና አመንኩት።

የእርስዎ መሥሪያ ቤት ግን ያውቃል። በላካችሁልኝ መልስ፣ ንጥረ ነገሮቹ በቅጻችሁ ላይ ስለሌሉ እንዳልተለኩ፣ ስላልተለኩም እንዳልተገኙ፣ በወይራ ውኃ ዓሣ ስለመኖሩ ተመዝግቦ ስለማያውቅም የሞተ ዓሣ ሊኖር እንደማይችል በትሕትና ገልጻችኋል። ቅር ካለኝም የሞተ እንስሳ ናሙና እንዳቀርብ ጠይቃችኋል። ስለዚህ ባልዲውን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። ባዶ ነው ተብሎ እንዳይመለስብኝ አደራ፤ ማስረጃዬ ባዶነቱ ነው።

አራተኛውን ቅሬታ ትቼ ወደ ልመናዬ ልሂድ። ጥር አሥር ከተራ ነው፤ በማግሥቱ ሕዝቡ ከገንዳው ይጠጣል፣ ለታመመ ሰውም ቀድቶ ይወስዳል። ለአጥቢያችን አስተዳዳሪ ለቄስ ገብረአማኑኤል ነገሩን ባስረዳቸው፣ በኅዳር ያመሰገንከውን በጥር ልታወግዝ ነው ወይ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቃሌን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ያምናሉ። ፋብሪካውን ዝጉ አላልኩም፣ ዓሦቹንም መልሱ አላልኩም። ውኃው በአግባቡ እስኪመረመር ድረስ ይረጭ እንጂ አይጠጣ የምትል አንዲት መስመር፣ ከማኅተምዎ ጋር፣ እስከ ጥር ዘጠኝ እንዲልኩልኝ ብቻ ነው የምለምነው።

መልስ ባይሰጡኝም የማይጓደል፣ ቢሰጡኝም የማይጨምር አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ባለጉዳይዎ ሆኜ እቆያለሁ።

ፍሥሐ ወልደአረጋይ
የቀድሞ የባዮሎጂ መምህር፣ ባልዲውን የላከው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብሪቱን ጠበሉን መጠጣት ተዪው ብላት፣ እምነቴን አትንካብኝ አለችኝ። ስለዚህ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በጠበሉ ጄሪካን የቧንቧ ውኃ እየሞላሁ አጠጣታለሁ። ትናንት ጠዋት ጣሳውን ስትመልስልኝ፣ ሕመሙ ቀለል ብሎልኛል ብላ መረቀችኝ። በገንዳው ዳር ያልተሰማኝ ነገር ያኔ ተሰማኝ። በአርባ ዓመት ትዳራችን ስዋሻት የመጀመሪያዬ ነው፤ ከሰኞ ወዲህም እንቅልፍ የለኝም። እርስዎ ለአንድ አጥቢያ ሕዝብ በሙሉ እንዲህ ያለ መልስ ጽፈው እንዴት እንደሚተኙ፣ ማኅተሙን መላክ ባይመችዎ እንኳ፣ እሱን ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም።