መስኮቱን ከግድግዳው ያውጡት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ አንዳርጋቸው፤ ዳባት።

እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ያ ሳል ለቀቀዎት? እኔ ልጅዎ አገርነሽ ከናፍቆትዎ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የምሠራበት ፋብሪካም ደህና ነው፤ ጣናም እንደ ልማዱ ጧት ተኝቶ ከሰዓት ይቆጣል።

ወንድሜ አምሐ ከአፍዎ ተቀብሎ የጻፈው ደብዳቤ ደረሰኝ። ችግኙን ውርጭ እየፈጀው የእማዬ ጓሮ ሁለት ዓመት ፆሙን ማደሩን፣ ዘንድሮም ካልለማ የገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰው ሊሰጠው መሆኑን፣ እርስዎም «ይውሰዱት፤ ውርጩ አሸንፎኛል» ማለትዎን አነበብሁ። ተናደድሁ፤ አልደብቅዎትም። እማዬ በእንስራ ውኃ ተሸክማ ያለማችው መሬት እኮ ነው። አሁን ግን መላ አግኝቻለሁና ይስሙኝ።

ክረምት ሲገባ እዚህ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮቶቹን ሲያድስ አሮጌዎቹን ከነመስታወታቸው አጥር ሥር ጣላቸው። ኃላፊውን አስፈቅጄ ስድስቱን ከጎረቤቴ ከመሪየም ጋር ተሸክመን አመጣን። ክንዱ የሚባል አናጢ ከአሮጌ ጣውላ ወለል የሌለው ሣጥን ሠራልን፤ ከኋላው ከፍ፣ ከፊቱ ዝቅ ያለ፣ ክዳኑ መስኮት። ለአፈር ቤት ሠራች ብሎ ሰፈሩ ሳቀብኝ። እኔ የበርበሬና የቲማቲም ዘር ዘራሁበት። ዶፉ የሌላውን ችግኝ ከጭቃ ሲደባልቀው የእኔ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ታዲያ ጥጋብ አይቀርምና አጠፋሁ። አንድ ቀን ፀሐይ ስትወጣ፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብዬ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ሥራ ገባሁ። ስመለስ ችግኞቹ እንደ ጎመን ተቀቅለው ጠበቁኝ። መሪየም አየችና «ልጅ ብትወልጂ እንዲህ አፍነሽ ነው የምታሳድጊ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ረፋድ ላይ ክዳኑን በድንጋይ አስደግፈን እንከፍታለን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዘጋለን። እኔ ሥራ ስውል መሪየም አለች። እንደገና ዘርቼ በመስከረም የተከልሁት ዛሬ አበባ ይዟል። የሳቁብኝ ሁሉ አሁን ክንዱን ሣጥን ሥራልን እያሉ መከራውን ያሳዩታል።

ወደ እርስዎ ልምጣ። በመንደሩ ባለመስታወት መስኮት ያለው የእርስዎ ቤት ብቻ ነው። እኔ ወደዚህ የመጣሁ ዓመት፣ መንገዱን ለማየት ብለው ከጎንደር እንዳስመጡት አውቃለሁ። አምሐም ከደብዳቤው ግርጌ ሳያስፈቅድዎ፣ አውቶቡሱ እስኪያልፍ ድረስ በየቀኑ ከዚያ እንደማይነሡ ጽፎልኛል። ሳነበው አለቀስሁ። አራት ዓመት መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው። ቢሆንም እለምንዎታለሁ፣ መስኮቱን ከግድግዳው ያውጡት። አምሐ ሣጥኑን ይሥራልዎ፤ ውርጩ መስታወቱ ላይ ይደር፣ ችግኙ ከሥሩ ይደግ። ማታ ጆንያ ያልብሱት። ጥር ሲያልቅ አውጥተው ይተክሉታል። ረፋድ ላይ መክፈቱን ብቻ እንዳይረሱ፤ የእኔ ይበቃል።

አምሐን ምሥጢር አወጣህ ብለው እንዳይቆጡብኝ፣ ሰላም ይበሉልኝ። ባለቤቱን አደይን ስለ ላከችልኝ ድርቆሽ ያመስግኑልኝ። ጎረቤታችንን እማማ የብርጓልን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፤ የእማዬን ጓሮ ማንም አይወስደውም ብላለች ይበሏቸው።

የዓመት ፈቃዴ ተፈቅዶልኛል። ለታኅሣሥ ገብርኤል አዲስ መስታወት በጋቢ ጠቅልዬ እመጣለሁ። እስከዚያ የግድግዳውን ቀዳዳ በጭድና በጭቃ ይድፈኑት። መንገዱን ማየት አያስፈልግዎትም፤ መምጣቴን ውሻው ይነግርዎታል።

ልጅዎ አገርነሽ አንዳርጋቸው
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 19 ቀን 1974 ዓ.ም.