ለዓይንሽ ብዬ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ

የእህቴ ልጅ፣ እንዴት ነሽልኝ? የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ አስቸገሩሽ? እናትሽ ሰርኬ ወገቧን ተሻላት? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ዘንድሮ ዓይኔም ተጨምሮበታል።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ስለ ጎረቤት ሠርግ ለፍልፌ ዘጋሁት።

ከፋሲካ በኋላ ግራ ዓይኔን ከነጭንቅላቴ ይወጋኝ ጀመር። አስመለሰኝ፤ አምፖሉም ዙሪያውን ቀስተ ደመና ሆኖ ታየኝ። ጎረቤቴ ወርቅዬ ምች መትቶሽ ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ ሦስት ቀን ተከናንቤ ተኛሁ። ቤቴል የዓይን ክሊኒክ ስደርስ ግላኮማ ነው፣ ዘግይተዋል አሉኝ። የግራው ብርሃን አልተመለሰም። በወርቅዬ አልፈርድም፤ እሷ ብትታመም እኔም ያንኑ ዳማከሴ ነበር የምጨምቅላት።

የቀኙ እንዳይከተለው ትናንት በሌዘር ሠሩልኝ። የዓይን ውስጥ ውሃ መውጫው ሲዘጋበት ነው አሉ ግፊቱ ጨምሮ ዓይን የሚያጠፋው፤ ስለዚህ በብሌኑ ዙሪያ ባለው ቀለም ላይ በጨረር ትንሽ ቀዳዳ ይከፍቱለታል። ማደንዘዣ ጠብ አደረጉልኝ፣ አገጬን አስደገፉኝ፣ ብልጭ ብልጭ አለና አለቀ። ያን ያህል መጨነቄ አሳፈረኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የፈራሁት ጨረሩን አልነበረም። ፊትሽን ጠግቤ ሳላይ እንዳይጨልምብኝ ነው። እናንተ ቤት ስመጣ ሰርኬ ካጠገባችን ስለማትጠፋ ሁልጊዜ ሰርቄ ነው የማይሽ። ናፍቀሽኛል፤ በጣም ናፍቀሽኛል።

ሐኪሟ በሽታው በዘር ይሄዳል ብላ ልጅ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ የለኝም ስል ኖሬአለሁ፤ ለሰርኬ የገባሁት ቃል ነበረብኝ። ትናንት ግን አፌ እምቢ አለኝ። አንዲት አለችኝ አልኳት። እንግዲያው ሳያማት በፊት ትመርመር አለችኝ።

ስለዚህ እባክሽ፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ ዓይንሽን ተመርመሪልኝ። እንደኔ ምች ነው ብለሽ እንዳትተኚ። ከቤተሰብ ይህ በሽታ ያለበት ማን ነው ብለው ሲጠይቁሽ ግን፣ አክስቴ ናት አትበያቸው።

እመቤቴ ማርያም ዓይንሽን ትጠብቅልኝ። ዕድሜሽን ታርዝምልኝ።

አክስቴ እያልሽ የምትጠሪኝ