በቆቲሌ ግመል ጭን ላይ ስላረፈው አርማዬ

ለተከበሩ አቶ ወንዱ
የድንበሩ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ሞያሌ፣ ኬንያ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አዲሱ ኮምፒውተርዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልቤ እመኛለሁ፤ በተለይ ኮምፒውተሩን ደህና ያድርግልኝ፣ የሰው ግመል በሆዱ ይዟልና። እኔ በከብት ገበያው በር ላይ ግመል፣ በሬና ፍየል ፎቶ እያነሳሁ ገዢ ወዳለበት አገር በስልክ የምልክ፣ ቀጣሪም ተቀጣሪም የሌለኝ ሽማግሌ ጎልቻ ሶራ ነኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ ሟች ባለቤቴ ምንታምር ናት፣ እሷም ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለን ትዕግሥቷ አለቀ። ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ደብዳቤውን ለብቻዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ ቢሮዎ አርማ የሌለበት ወረቀት ስለማይቀበል በሩሐማ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ቁርስዎን የሚበሉት እዚያው ስለሆነ ሳይደርስዎ አይቀርም።

አንደኛ። ማኅበርዎ አርማ፣ ራስጌ ያለው ወረቀት፣ ፖስታና ቢዝነስ ካርድ የሌለው አባል በገበያው በር እንዳይቆም ሲወስን፣ እኔ አርማ አለኝ ብዬ ነበር። የሱቄ በር ላይ ምንታምር በቤት ቀለም «ጎልቻ ፎቶ» ብላ ጽፋለች፤ የመጨረሻው ፊደል ቦታ አጥሮት ወደ ማጠፊያው ዞሯል፣ ነገር ግን ማንበብ የማይችል እረኛ እንኳ ከጎዶማ መጥቶ በዚያ ጠማማ ፊደል ያገኘኝ ነበር። እርስዎ ፕሮፌሽናል አይደለም ብለው በነጭ ቀለም አስጠፉልኝ። የሱቄ በር ንጹሕ ሆኗል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደንበኞቼ የሚያገኙኝ ጎረቤቴ ያለውን ሥጋ ቤት እየጠየቁ ነው።

ሁለተኛ። አርማውን እንድትነድፍልኝ ሻሮን የተባለችውን ባለሙያ ከናይሮቢ ስላስመጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ምን ዓይነት ፎቶ እንደማነሳ፣ ምን ቀለም እንደምወድ ጠየቀችኝ፣ እኔም ጠያቂ ካገኘሁ ስለቆየሁ ብዙ አወራሁላት። እርስዎ ግን ባህላዊ ነገር ይግባበት ብለው፣ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የግመል ፎቶ ጭን ላይ ያለውን ቅርጽ አሳዩዋት፤ ከላይ የተደገነ ቀስት፣ ከሥሩ ሁለት ቁም መስመር። ቀስቱ የካሜራው ዓይን ነው፣ መስመሮቹ የካሜራው እግሮች ናቸው ሲሉም አብራሩልን። እኔም እዚያው ቆሜ፣ ይኼ እኮ የግመል አርቢው የአዳን ቤት ምልክት ነው፣ አያቱም አባቱም ግመሎቻቸውን በጋለ ብረት የሚተኩሱበት ነው፣ በእንስሳ ላይ ያየው ሰው ሁሉ የአዳን ነው ይላል ብዬ ነገርኩዎ። እርስዎም፣ ምዜ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ይኼ ዲዛይን ነው፣ አንተ ዝም ብለህ ካሜራህን ጠቅ አድርግ፣ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉልኝ። ትከሻዬ ያንን ክብር እስካሁን አልረሳውም።

ሦስተኛውን ጽፌው ነበር፤ ምንታምር ብትኖር ታስጠፋኝ ነበር ብዬ ሰረዝኩት። ስለ ፀጉርዎ ቀለም ነበር።

አራተኛ። በዚያው ቅርጽ የተነደፈው አርማዬ በማነሳው በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ከታች በስተቀኝ እንዲታተም አዘዙ። እርስዎ ሙሽራ የሚያነሱ ሰው ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ ግመል የሚነሳው በጎኑ ነው፤ ራሱ ወደ ግራ፣ ጭኑ ወደ ቀኝ ሆኖ፣ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ የማን እንደሆነ ምልክቱን ያይ ዘንድ። ስለዚህ አርማዎ ሳይሳሳት የሚያርፈው እዚያው ጭኑ ላይ ነው፣ የባለቤቱን ምልክት ደፍኖ። ጸሐፊዎ ማኅደርም በትእዛዝዎ ያለኝን የድሮ ፎቶ ሁሉ ሰብስባ አርማውን አተመችበት፤ ያልታተመባቸውን ከኔ ዘንድ አጥፍታ ቅጂያቸውን በቢሮው ኮምፒውተር አስቀመጠች። ለአሠራር አንድነት ነው ተባልኩ። አንድነቱማ መጣ፤ ያነሳሁት የሞያሌ ከብት ሁሉ በአንድ ጠዋት የአዳን ሆነ። አዳን ራሱ ሀብታም መሆኑን የሰማው ከሰው ነው።

አሁን ወደ ቆቲሌ ልምጣ፤ ቁጥሩን እርስዎ ይሙሉልኝ።

ቆቲሌ የቡቲዬ ሰው ነው። ያለችው አንዲት ግመል ናት፤ እሷም አርግዛ መውለጃዋ ደርሷል፣ ልጆቹም ወተቷን እየጠበቁ ነው። እከክ ይዟት ስለነበር ጭኗን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቷት፣ የተተኮሰችበት ምልክት ከጥቁሩ ሥር ገብቶ ነበር። ልትወልድ የቀረባት ግመል ብቻዋን ርቃ መሄድ ትወዳለችና ጠፋችበት። ሮጦ መጣና፣ አባ ጎልቻ፣ አምና ያነሳሃትን ፎቶ በስልክ በትንልኝ፣ ያያት ሰው ይመልስልኝ፣ አለ። በተንኩለት። በእጄ የቀረችው ፎቶ አርማ ያረፈባት ብቻ ስለሆነች፣ ጭኗ ላይ ያለውን አትመኑ፣ እሱ የኔ አርማ ነው፣ ብዬ በድምፄ ቀድቼ ጨመርኩበት፤ ሰው ግን ፎቶውን ያያል እንጂ የሽማግሌ ስብከት አያዳምጥም። ጎዶማ አጠገብ ያገኛት አንድ ደግ እረኛ ፎቶውን አየ፣ ምልክቱን አየ፣ እንደ ሐቀኛ ሰውም ነድቶ ወስዶ ለአዳን አስረከባት።

አዳን ሌባ አይደለም፤ ይህን በግድግዳ ላይ እጽፋለሁ። እሱም ዘንድሮ የጠፋችበት ግመል አለችው። ሽማግሌዎች ፊት ስንቀመጥ ዘይቱ ይታጠብ ተባለ፣ ታጠበ፣ ከሥሩ እከክ የበላው ቁስል ብቻ ተገኘ። አዳንም ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ለጉባኤው አዞረና፣ የአባቴን ምልክት የያዘች ግመል በቃል አልሰጥም፣ ይኼ ምልክት የሌለባትን ፎቶ አምጡልኝና ገመዷን በሰው ፊት በእጁ አስይዘዋለሁ፣ አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጎልቻ፣ አንተስ ከመቼ ወዲህ ነው የኛ ቤት ልጅ የሆንከው፣ ሲል ጠየቀኝ። ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። ቆቲሌ ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ ወደ ክቡር ቢሮዎ መጣሁ። ማኅደር ኮምፒውተሩን ከፍታ አሳየችኝ፤ ግመሊቱ አለች፣ አርማ የለባትም፣ የቆቲሌ ምልክት ጭኗ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስልኬን ስዘረጋላት እርስዎ ከውስጠኛው ክፍል፣ ጥያቄው በጸደቀው ራስጌ ወረቀት ይቅረብ፣ አሉ። በራስጌ ወረቀቱ ጻፍኩ። ይዤው በገበያው ሳልፍ የአዳን ልጆች አዩትና፣ ኑ እዩ፣ ሽማግሌው ደግሞ ወረቀት በኛ ምልክት ማርባት ጀመረ፣ እያሉ ተከተሉኝ፤ ነጥቀውም ለሽማግሌዎቹ አስረከቡት። አሁን ማመልከቻዬ ለአዳን ማስረጃ ሆኖ በሽማግሌዎቹ እጅ ነው። ባዶ እጄን ተመልሼ ብመጣ ኬሾ ና ተባልኩ። ነጋ፣ አሁንም ኬሾ። በእርስዎ ቢሮ ነገ የሚባለው ቀን የት አገር እንደሚውል አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ካሜራ ይዤ ፀሐይ እስክትመቸኝ ግማሽ ቀን መቆም የለመድኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ግን መቀመጫ አጣሁ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ በሩን ከፍቼ መንገዱን አያለሁ፣ ቦዳ ቦዳ ሞተር ባለፈ ቁጥር መልእክተኛዎ መስሎኝ ዱላዬን አነሳለሁ። ቆቲሌ ከቡቲዬ እየተመላለሰ ደጄ ላይ ይቆማል፤ ተቀመጥ ስለው ወለደች ይሆን ይለኛል፣ መልሱን ሳይጠብቅ ይሄዳል፣ ጥግ ሳይደርስ ይመለሳል። እውነቱን ነው። የአዳን መንጋ ዓርብ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይነሳል። እዚያ ከወለደች የሚወለደው ግልገል በአዳን ብረት ይተኮሳል፤ በቆዳ ላይ የተተኮሰውን ደግሞ ማኅደር በኮምፒውተር አታጠፋውም። ያን ጊዜ አንድ ሰው አንዲት ግመሉን ከነልጇ ያጣው በድርቅ አይደለም፣ በሌባም አይደለም፤ በባህላዊ ዲዛይን ነው።

ስለዚህ አልለምንዎትም፤ ልመና አላውቅበትም። የምጠይቅዎ አንዲት ፎቶ ነው፣ አርማ የሌለባት፣ ከዓርብ በፊት። ለኔ መስጠት ክብርዎን የሚነካ ከሆነ ለቆቲሌ ይስጡት፣ ለቆቲሌም ከከበደዎ ለአዳን ይላኩለት፤ እሱ ቃሉን ይጠብቃል። ወረቀቱን፣ ፖስታውንና ካርዱን ከነካርቶኑ ደጅዎ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። ከገበያው በር ሊያባርሩኝ ከፈለጉም ያባሩኝ፤ የሰው ምልክት እየደፈንኩ በሩ ላይ ከምቆም፣ ከአጥሩ ውጭ ከእሾሁ ጋር ቆሜ ባነሳ ይሻለኛል።

ለሙያችን ዕድገት የሚያሳዩት ትጋት እንደ አርማዎ በየማይገባበት ሁሉ እያረፈ እንዲኖር በመመኘት፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ዱላዬን ግን ሳልለቅ፣ እጅግ በጠለቀ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ጎልቻ ሶራ
ነጻ ፎቶ አንሺ፣ አርማ የሌለው

የረሳሁት፦ ይህን ጽፌ ስለጥፍ አዳን ራሱ ሻይ ቤት ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ለማስታወቂያ ብለው አርማዬን በነጭ መኪናዎ የኋላ ጎን ላይ አስለጥፈውት ኖሮ፣ ሲያልፍ አይቶት፣ ይህችስ የማን ናት አለኝ። የአቶ ወንዱ ናት አልኩት። በቃልህ ነው ወይስ ምልክቱ የሌለባት ፎቶ አለህ፣ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ዋሽቼ አላውቅም፤ የለኝም አልኩት። ዓርብ ጠዋት መንጋው ሲነሳ ልጆቹ ገመድ ይዘው በደጅዎ ያልፋሉ። ነድተው የሚያውቁት ግመል ብቻ ስለሆነ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀው ቢጠብቋቸው ለሁላችሁም ይቀላል።