ከተራራው ማዶ ያለ ጣዕም

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ

ዝናብ። የልጆቹ ልብስ አልደረቀም። አማቴ እማማ ፉሳኤ ጓሮ ወጥተው ጎደሬያቸውን አይተው ተመለሱ። "ገና ነው" አሉ።

እሁድ ያማጋታ ከተማ ወደሚደረገው የጎደሬ ሾርባ ፌስቲቫል እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ባሌ ኖሪታካ ገረመው። "አንቺ? ሰልፍ የምትጠዪው?"
"ለልጆቹ ብዬ ነው" አልኩት።
ለልጆቹ! ማስታወቂያው ላይ ከትልቁ ድስት ጎን አንዲት ትንሽ ድስት አይቼ ነው እንጂ። ከተራራው ማዶ፣ ከባሕሩ ዳርቻ፣ ከትውልድ አገሬ የመጣች። የአሳማ ሥጋ በሚሶ፣ በተብላላው የአኩሪ አተር ሊጥ። እዚህ ቤት የበሬ ሥጋ፣ ሶያ ሶስና ስኳር ነው፤ ሌላ ዓይነት አለ ማለት ነውር ነው። ካገባሁ ጀምሮ በየዓመቱ በልቼ "እማማ፣ ይጣፍጣል" እላለሁ። ስኳሩ ይበዛብኛል ብዬ አላውቅም። ምራት አይደለሁ?

ሴፕቴምበር 14፣ እሁድ

ምን ነካኝ...

ጥሩ ነበር የጀመርነው። እማማ አዲሱን ባርኔጣቸውን አድርገዋል። ያ ቤት የሚያክለው ድስት ሲታይ ልጄ ሪኩቶ ጮኸ። "አባዬ! ኤክስካቫተሩ ሾርባ ይቀዳል!"
"እናቴ፣ አንቺም እንዲህ ያለ ጭልፋ ቢኖርሽ አገር ትመግቢ ነበር" አላቸው ኖሪታካ።
"የኔ ጭልፋ ግራሶ አይቀባም" አሉ እማማ። ሳቅን።

ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ወደ ትንሿ ድስት ተሰለፍኩ። ሴቷ ልጄ ኮዙዌ ተከተለችኝ። አንድ ጊዜ ፉት እንዳልኩ እንባዬ መጣ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቀምሼው አላውቅም። ከዚያ ለልጄ... ለምን አልኩት? "እውነተኛው ይሄ ነው። የአያትሽ ሾርባ የስኳር ውሃ ነው" አልኳት።

ጠረጴዛው ጋ ስንመለስ ጎረቤቶቻችን እነ ኪኑዮ አብረው ተቀምጠዋል። ኮዙዌ ሳትቀመጥ፣ "አያቴ፣ እማዬ ያንቺ ሾርባ የስኳር ውሃ ነው አለች!"
ኪኑዮ ሳቀች። ባሏም ሳቀ። እማማ ሳህናቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። "የየአገሩ ነው እንግዲህ" አሉ። ከዚያ በኋላ አልበሉም።

በገዛ ጎረቤቶቻቸው ፊት! ሰድቤ ለሰዳቢ ሰጠኋቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሴፕቴምበር 15፣ ሰኞ

የአረጋውያን ቀን። ከሌላ ቀን ሁሉ ዛሬ! ልጆቹ ሥዕል ሰጧቸው፣ እኔ ሻርፕ። ጎንበስ ብለው፣ "ደከምሽ፣ አመሰግናለሁ" አሉኝ። ልክ ለፖስተኛው እንደሚሉት።
"እማማ፣ የትናንቱ ነገር..."
"የቱ?"
ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ

ኪኑዮ በር ላይ መጣች። "ፉሳኤ፣ የወንዝ ዳሩን ድስት መቼ ትጥጃለሽ?" በየመኸሩ ሰፈሩ ሁሉ ወንዝ ዳር የሚበላው ከእሳቸው ድስት ነው።
"ዘንድሮ ወገቤን አሞኛል። ሌላ ሰው ይጣድ።"
ወገባቸውን? ትናንት ሩዝ በጆንያ ተሸክመዋል።

ኖሪታካ ኩሽና ገብቶ ውሃ ጠጣ። "እናቴ ጎደሬዋን ሳትነቅል በረዶ ጥሎ አያውቅም" አለ። አባቱ በሞቱበት ዓመት እንኳ ድስቷን ጥዳለች አለ። ባንቺ ምክንያት ነው አላለኝም። ማለትም አያስፈልገውም።

ይህን ከተዉ ምን ይቀራቸዋል? ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ፣ በዚያው ያረጃሉ። ያስቀመጥኳቸው ደግሞ እኔ።

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

እማማ ጓሮ እየቆፈሩ ነው። ልውጣና ላግዛቸው? ፈራሁ። በመስኮት አየሁ።

ኦክቶበር 5፣ እሁድ

ድስቱን በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ጣዱት!

ወንዝ ዳር ሁሉም ነበር። እማማ ክዳኑን ሲያነሱት... የአሳማ ሥጋ። ሚሶ። ኪኑዮ አፏን ያዘች። "ፉሳኤ! ተራራውን ተሻገርሽ እንዴ?"
መልስ አልሰጧትም። የመጀመሪያውን ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ መጡ። "ቅመሺ።"

ለእኔ ሲሉ! በሕይወታቸው ሠርተውት የማያውቁትን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ቀመስኩ። ሚሶው ከመጀመሪያው ገብቶ ሲፈላ ስለዋለ መርሯል። ስኳሩም አለ።

"ይጣፍጣል" ልል ነበር። ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ፊታቸውን አየሁ፤ እሷኑ ነበር የሚጠብቁት። አልቻልኩም።
"እማማ... አይጣፍጥም።"
ኖሪታካ "ኧረ!" አለ።
"ስኳሩ ምን ይሠራል? ሚሶውም አሮጌ መድኃኒት ሆኗል።"

በቃ፣ ጨረስኳቸው ብዬ ነበር። ከዚያ ባርኔጣቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "አንቺ ልጅ! ስንት ዓመት ሙሉ ‘ይጣፍጣል፣ ይጣፍጣል’! የጣፈጠው ሰው ሁለተኛ ሳህን ይጨምራል፤ አንድ ቀን ጨምረሽ ታውቂያለሽ?"

ያውቁ ነበር። ሁሉን ያውቁ ነበር። እኔ ጨዋ ነኝ ስል እሳቸው በየዓመቱ ሳህኔን እያዩ ዝም ብለው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ስድብ ይልቅ ይሄኛው አሳፈረኝ።

"ይቅርታ እማማ" አልኩ።
"ተይው። ይኸው ዛሬ ገና ቤቴ ገባሽ።" ጭልፋውን አቀበሉኝ፤ ድስቱ ላይ ጎንበስ አሉ። "በይ ንገሪኝ። እናትሽ ሚሶውን መቼ ነበር የምትጨምረው?"

እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ስለ እናቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።
"መጨረሻ ላይ" አልኳቸው። "እሳቱን ካጠፋች በኋላ።" ሌላም ልነግራቸው ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። እማማ አልቸኮሉም፤ አጠገቤ ቆመው ጠበቁኝ።